በጁላይ ዝናብ ከውሻ ጋር ስኪ፦ ወደ አርቲስት ፖይንት ለሚወጡ ዝርዝር መመሪያ

እናቴ ፎቶውን ስታይ ስለ ስኪው አልጠየቀችኝም። ቡቺ ዝናብ ላይ፣ በረዶ መሃል፣ ፀጉሩ ከገላው ተጣብቆ ቆሞ ስታየው «ይሄ ውሻ ምን በድሎሽ ነው?» አለችኝ። ያኔ መልስ ሳልሰጣት አለፍኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ እዚያው ተራራ ላይ ቡቺ ክንዴ ውስጥ መንቀጥቀጡን ሲያቆም ጥያቄዋ ተመልሶ መጣብኝ። ከዚያ ወዲህ ለሚወጣ ሁሉ የምነግረው አንድ ነገር አለ። ውሻ «በረደኝ፣ እንመለስ» አይልም። ጌታው እስከሄደ ድረስ ይከተላል፤ እግሩ ተቆርጦም፣ ብርድ አሸንፎትም ይከተላል። ስለዚህ «እንመለስ» የሚለውን ቃል የምትናገሩለት እናንተ ናችሁ፤ የምትናገሩትም መቼ እንደሆነ ገና ከመኪና ሳትወርዱ መወሰን አለበት።

መመሪያው በዋሽንግተን ግዛት፣ ማውንት ቤከር አጠገብ ወዳለው አርቲስት ፖይንት ለሚወጡ፣ ስኪ (በረዶ ላይ መንሸራተት) ለሚችሉ ሰዎች ነው። ገና የምትማሩ ከሆነ በፈረንጆቹ ክረምት (ዊንተር)፣ ሰውን ሽቅብ የሚያወጣ ሊፍት ባለበት ቦታ፣ ውሻውን ቤት ትታችሁ ተማሩ። ስኪ የሀበሻ ነገር አይደለም ለሚሉ ደግሞ ሮቤል ተክለማርያም አለ፤ በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ እዚሁ ጎረቤታችን ቫንኩቨር ላይ በአገር አቋራጭ ስኪ ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል።

ቦታውን መምረጥ

ሲያትል ውስጥ ጁላይ የፀሐይ ወር ነው። በስተሰሜን ሦስት ሰዓት ያህል ነድታችሁ ማውንት ቤከር አጠገብ ስትደርሱ ግን ደመናው ዛፍ ጫፍ ላይ ተኝቶ፣ ዝናቡ እንደ አገር ቤት ሐምሌ ሲወርድ ልታገኙት ትችላላችሁ። መሬቱም ገና ነጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998/99 በቤከር የስኪ ማዕከል በአንድ የበረዶ ወቅት ብቻ 1,140 ኢንች በረዶ ተለክቷል፤ 29 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፣ የዓለም ክብረ ወሰንም ሆኗል። ሁሉም ዓመት እንደዚያ ባይሆንም በረዶው ሰመር ገብቶም ቶሎ አይሄድም።

ከመነሳታችሁ በፊት ውሻ የሚፈቀድበትን መሬት ለዩ። በዋሽንግተን ግዛት የሰመር ስኪ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጠራው ማውንት ሬኒየር ላይ ያለውን ሙር ስኖውፊልድ ነው። ሬኒየር ግን ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ውሻ በእግር መንገዱም በበረዶውም ላይ አይፈቀድም። ብሔራዊ ደን ሕጉ ሌላ ነው። አርቲስት ፖይንት ያለው በማውንት ቤከር-ስኖኳልሚ ብሔራዊ ደን ውስጥ ስለሆነ ውሻ በማሰሪያ ይገባል። እዚያም ቢሆን ቴብል ማውንቴን ላይ የሚያወጣው መንገድ ለውሻ ዝግ ነው፤ ምልክቱን አይታችሁ እለፉት።

መንገዱ ከቤሊንግሃም የሚነሳው ቁጥር 542 ነው። መጨረሻው አርቲስት ፖይንት፣ 1,560 ሜትር ላይ ነው። የመጨረሻው ክፍል ክረምቱን ሙሉ በበረዶ ተዘግቶ ይከርምና አብዛኛውን ጊዜ በጁን መጨረሻ ወይም በጁላይ በማሽን ተጠርጎ ይከፈታል። የግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መከፈቱን በድረ ገጹ ያሳውቃል። እኔ የምወደው ከመከፈቱ በፊት ያለውን ጊዜ ነው። መኪና ሄዘር ሜዶውስ አካባቢ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በረዶ የሸፈነውን መንገድ ተከትሎ 260 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት ነው። ዳገቱ የዋህ ነው፣ የበረዶ ግግርም ሆነ ጥልቅ ስንጥቅ የለበትም፣ መኪናውም ሩቅ አይደለም። በዝናብ ቀን ውሻ ይዞ ለሚወጣ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት አያስፈልግም። ወደ ኮልማን ወይም ወደ ኢስተን የበረዶ ግግር ውሻ ይዞ መሄድን ግን በፍጹም አልመክርም። እዚያ ስንጥቆች አሉ፤ ስስ በረዶ ከላይ ሸፍኗቸው ሳለ ውሻ በገመድ ከእናንተ ጋር ታስሮ አይጓዝም።

መኪና ለማቆም የቀን ፈቃድ ያስፈልጋል። ነዳጅ ቤሊንግሃም ላይ ሙሉ። ግሌሸር የምትባለውን የመጨረሻ ትንሽ ከተማ ካለፋችሁ በኋላ ስልክ አይሠራም ብላችሁ አስቡና ለቤተሰብ የምትመለሱበትን ሰዓት ከዚያ በፊት ንገሩ።

ውሻው ራሱ ይችላል ወይ?

ከአንድ ዓመት ተኩል በታች ያለ ቡችላ አጥንቱ ገና እየጠነከረ ስለሆነ ይቅር። ያረጀ፣ መገጣጠሚያው የሚያመው፣ አፍንጫው የተደፈጠጠ ወይም ፀጉሩ ስስና አጭር የሆነ ውሻም በዝናብ ቀን ይቅር። የቀረው በሰፈር ዳገት ላይ የሁለት ሰዓት የእግር ጉዞ ጨርሶ ማግስቱን ሳያነክስ የሚነሳ መሆን አለበት።

ከጉልበቱ ይልቅ ግን ሦስት ትእዛዞችን ማወቁ ይበልጣል፦ «ና»፣ «ቁም»፣ «ከኋላ»። የመጨረሻው ከጀርባዬ ተከተል ማለት ነው። ይህን በረዶ ላይ ለማስተማር አትሞክሩ። መናፈሻ ውስጥ፣ በእግር እየሄዳችሁ፣ ከጉልበታችሁ አልፎ ሲመጣ እየቆማችሁ፣ ከኋላ ሲሆን እየሸለማችሁ ሁለት ወር ሥሩበት። ቡቺን ያስተማርኩት በተቀቀለ የዶሮ ቁራጭ ነው፤ በአማርኛ ነው የሚያዘው።

የእንስሳት ሐኪሙንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሌፕቶስፓይሮሲስ ክትባት ተወስዷል ወይ? በሽታው በእንስሳት ሽንት ከተበከለ ውሃ ይመጣል፤ የቀለጠ በረዶ የሚያቁረው ኩሬ ደግሞ ውሾች የሚወዱት ነው።

ሰማዩን ማንበብ

በአማርኛ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የረጋውን ውሃ፣ ተራራ ላይ የተቆለለውንም «በረዶ» እንላለን። ተራራው ላይ ግን መለየት ግድ ነው። የጁላይ በረዶ ያረጀ ነው፤ ስኳር የሚያካክል ፍሬ ሠርቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ከብዶ ተቀምጧል። ጥርት ባለ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ሰድዶ ላዩ ይደርቃል፤ ጠዋት ጠንካራ ሆኖ ረፋዱ ላይ ይለሰልሳል፣ ስኪም የሚያምረው ያኔ ነው። ደመና ካለ ግን ብርድ ልብስ እንደለበሰ ነው፤ ሌሊቱን ሳይጠነክር ያድራል። ከላዩ ሲዘንብበት ደግሞ እርስ በርሱ መያያዙን ይለቃል። ስኪያችሁ ስር ኳስ ኳስ እያለ የሚንከባለል በረዶ ካያችሁ፣ ወይም እግራችሁ እስከ ጉልበት ከሰመጠ፣ ከገደላማ ዳገት ሽሹ። ለእርጥብ የበረዶ ናዳ የሚያስፈልገው ነገር ተሟልቷል። የክልሉ የናዳ ማዕከል በሰመር ዕለታዊ ትንበያ ስለማያወጣ ይህን የምታዩት በራሳችሁ ዓይን ነው።

የሙቀቱን ስሌት ቤት ሆናችሁ ሥሩ። በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ቤሊንግሃም 17 ዲግሪ ከሆነ አርቲስት ፖይንት 7 አካባቢ ነው። የእኔ ድንበር እዚያ ላይ ነው፤ ላይ ያለው ከ7 ዲግሪ በታች ሆኖ የማያባራ ዝናብ ከተተነበየ ቡቺ አይሄድም። ነፋስ ከታከለበት በ10 ዲግሪም እቤት ይቀራል። ካፊያ፣ ጉም፣ ወይም እየመጣ የሚሄድ ዝናብ ከሆነ እንሄዳለን።

ነጎድጓድ ከሰማችሁ ድርድር የለም። ብልጭታውና ድምፁ መካከል ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሠላሳ ሳይሞላ ከተሰማ ከሸንተረሩ ውረዱ።

የሚያዝ ነገር

ለራሳችሁ የምታውቁትን ስለምትይዙ ዝናብ የሚለውጠውን ብቻ ልንገራችሁ። ጓንት ሦስት ጥንድ ያዙ፤ አንዱ ዓሣ አጥማጆች የሚያደርጉት ወፍራም የጎማ ጓንት ቢሆን ከውዱ የስኪ ጓንት ይሻላል። መነጽር በዝናብ ስለሚደበዝዝ ከራስ ቁሩ ስር ግንባሩ ወደ ፊት የወጣ ኮፍያ ይረዳል። ለመውጣት ከስኪው ስር የምትለጥፉት ፀጉራም ጨርቅ ከረጠበ ማጣበቂያው ስለሚለቅ ስትነቅሉት ኮታችሁ ውስጥ፣ ደረታችሁ ላይ አድርጉት። ስኪውን ደግሞ ለሙቅ በረዶ የሚሆን ሰም ቀቡት፤ ያልተቀባ ስኪ እርጥብ በረዶ ላይ ድንገት ተጣብቆ ወደ ፊት ይደፋችኋል።

ለውሻው የሚያስፈልገው የሚከተለው ነው፦

• ውሃ የማያስገባ ቀጭን ኮት፣ ሆዱንም የሚሸፍን። ከስሩ ወፍራም ሹራብ አታልብሱት፤ ውሃ ጠጥቶ ገላው ላይ የተኛ ሹራብ ከራቁትነት ይብሳል። ደረቅ ሹራብ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ፤ የሚለብሰው ስትቆሙ ነው።
• ጀርባው ላይ ጠንካራ እጀታ ያለው የደረት ቀበቶ። ከበረዶ ጉድጓድ የምትጎትቱት በዚያ ነው፤ የአንገት ማሰሪያ ያንቃል።
• የመዳፍ ሰምና አራት የውሻ ጫማ፣ ከሁለት መለዋወጫ ጋር። በጣቶቹ መካከል ያለውን ፀጉር ከጉዞው በፊት ቁረጡ፤ እርጥብ በረዶ እዚያ ተቋጥሮ እንደ ጠጠር ይወጋዋል።
• መሸከሚያ ጨርቅ። ቡቺ 24 ኪሎ ነው። እግሩ ቢቆረጥ እንዴት አድርጌ አወርደዋለሁ የሚለውን ያልመለሰ ሰው ለጉዞው አልተዘጋጀም። ጨርቁን ቤት ውስጥ አልብሳችሁት ደረጃ ውጡበት ውረዱበት፤ እሱም ይልመደው።
• የቁስል ጋዝ፣ በራሱ ላይ የሚጣበቅ ፋሻ፣ የፊንጢጣ ቴርሞሜትር።
• ለብ ያለ ውሃ በቴርሞስ። በረዶ እየበላ ጥሙን ከቆረጠ ከውስጥም ይበርዳል።

ለሰው የሚሆን የሕመም ማስታገሻ ለውሻ አትስጡ፤ አይቡፕሮፌንም ፓራሲታሞልም ይመርዙታል። ዚንክ ያለበት የፀሐይ ክሬምም አፍንጫው ላይ አይቀባ፤ ይልሰዋል።

ምግብን በተመለከተ የእኛ ቤት ጉዳይ አለ። ጭኮና በሶ ለተራራ የተፈጠሩ ናቸው፤ ለእናንተ ያዙ። ለውሻው ግን ከወጡ፣ ከጥብሱ፣ ከፍርፍሩ አታቅምሱት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋሉ፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይቆምም። ቆሎአችሁ ውስጥ ዘቢብ ካለም ኪሳችሁን ዝጉ፤ ዘቢብ ኩላሊቱን ሊያቆም ይችላል። እሱ የለመደውን ምግብ ከመነሳታችሁ ሦስት ሰዓት በፊት ትንሽ ይብላ፣ መንገድ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ ጉርሻ ጉርሻ ይሰጠው።

መውጣት

ሲወጡ ማሰሪያው ወገባችሁ ላይ ይሁን፣ የሚሳብ ላስቲክ ያለው ዓይነት። ሁለቱም እጆቻችሁ ለምርኩዞቹ ነፃ ይሆናሉ። እርምጃችሁን ለእሱ አሳጥሩ፤ ምላሱ ረዝሞ ከጎን ከወጣ ፈጥናችኋል።

ባግሊ ሐይቆች አጠገብ ስታልፉ ማሰሪያውን አሳጥሩ። ጁላይ ላይ ሐይቆቹ ግማሽ በረዶ፣ ግማሽ ሰማያዊ ውሃ ናቸው፤ ለውሻ ሜዳ ይመስሉታል፣ ጠርዙ ግን አይሸከመውም። ከበረዶ ስር ውሃ ሲፈስ ከሰማችሁ የቆማችሁት ድልድይ ላይ ነው፤ ዝናብ ከላይ፣ ጅረት ከታች እየበሉት ነው። ተመልሳችሁ ዙሩ። በድንጋይና በዛፍ ግንድ ዙሪያም በረዶው ቀልጦ ጉድጓድ ይሠራል፤ ውሻ ሊሸና የሚሄደው ደግሞ ወደ ግንዱ ነው።

ጉሙ ወርዶ ሰማይና መሬቱ አንድ ነጭ ከሆኑ ቁሙ። ዱካችሁን ተከትላችሁ መመለስ የምትችሉበት የመጨረሻው ሰዓት ያ ነው፤ ዝናብ ዱካን ፈጥኖ ያጠፋል። ከቴብል ማውንቴን ገደል ስር ለዕረፍት አትቀመጡ፤ በዝናብ ቀን ድንጋይ ይወርዳል።

መውረድ

ብዙ ውሻ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የስኪ የብረት ጠርዝ ቢላዋ ነው። ውሻው ስትንሸራተቱ ሲያይ ልቡ ይነሳል፣ ሊደርስባችሁ ይሮጣል፣ ስትታጠፉ ከስኪው ስር ይገባል። የኋላ እግሩ ጅማት በአንድ ጊዜ ሊበጠስ ይችላል። እሱም አይጮህም፤ በረዶው ላይ ቀይ ስታዩ ነው የምታውቁት።

ስለዚህ ሁለት ሰው ሁኑ። ሄዘር ሜዶውስ ውስጥ ማሰሪያ ግዴታ ስለሆነ እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው፦ አንዱ ውሻውን ይዞ በእግሩ ይወርድና ከታች ይቆማል፤ ሌላው ከሩቅ፣ በሌላ መስመር፣ በስኪ ይወርዳል። ቀጥሎ ተራ ይለዋወጣሉ። የምትንሸራተቱበት ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ እኔ አይቆጨኝም። ማሰሪያ ግዴታ ያልሆነበት የደኑ ክፍል ላይ ብትሆኑ እንኳ መጀመሪያ «ቁም» በሉት፣ ሃያ ሜትር ወርዳችሁ ቁሙ፣ ከዚያ «ና» በሉት። እየቆማችሁ፣ እየጠራችሁ ውረዱ። ከራሳችሁ ጋር አስራችሁ ግን ፈጽሞ አትንሸራተቱ።

ከተቆረጠ ጋዙን ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ በእጃችሁ ለአምስት ደቂቃ ሳትነሱ ተጫኑ። እየከፈታችሁ አትዩ። ከዚያ ፋሻውን አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፣ መሸከሚያው ውስጥ አስገቡት፣ ውረዱ። ደሙ ቢቆምም ጅማቱን ሐኪም ማየት አለበት።

ብርዱ ሲያሸንፈው

ቡቺ መንቀጥቀጡን ያቆመ ዕለት ተራራው ላይ 5 ዲግሪ ነበር። ሁለት ሰዓት በዝናብ ወጥተን ጉሙ እስኪገለጥ ብለን ሻይ አፈላን፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆምን። ቡቺ ወፍራም ሹራብ ለብሶ ነበር፣ እኔው ያለበስኩት፤ ሹራቡ ሲጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ተጠቅልሎ ተኛና መንቀጥቀጡን ተወ። ተረጋጋ ብዬ ደስ አለኝ። ጓደኛዬ ናት ድዱን ገልጣ አይታ «ነጭ ሆኗል፣ ተነሺ» ያለችኝ። ተሸክመነው ወረድን። ሙቀቱን መኪና ውስጥ ስንለካው 36.2 ነበር፤ የጤነኛ ውሻ ከ38 እስከ 39 ነው።

መንቀጥቀጥ ሰውነቱ ራሱን እያሞቀ መሆኑን ያሳያል። ሳይሞቅ መንቀጥቀጡ ከቆመ ጉልበቱ አልቋል ማለት ነው። ጥሪ ሲሰማ ከዘገየ፣ እግሩ ከተደናቀፈ፣ ቆማችሁ ሳለ ወዲያው ተጠቅልሎ ከተኛ ቀኑ አብቅቷል። የረጠበውን አውልቁ፣ በፎጣ አድርቁት፣ በደረቁ ሹራብና በእናንተ ኮት ጠቅልሉት። ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ደረቱና ሆዱ ጋ ይደረግ፤ እግሮቹን ከማሞቅ መሃሉን ማሞቅ ይቀድማል። የመኪናውን ማሞቂያ ለስለስ አድርጋችሁ ክፈቱ። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ለብ ያለ ውሃ በትንሹ ስጡት። ከ37 በታች ከሆነ እያሞቃችሁ ወደ ሐኪም ንዱ። ቡቺ ማታውን ተነሳ፣ በማግስቱ በላ።

ከዚያ ወዲህ ደንቤ ሦስት ነው፦ በዝናብ ከአሥር ደቂቃ በላይ አንቆምም፣ ከመኪናው ከአንድ ሰዓት በላይ አንርቅም፣ ሰዓቱ ሲደርስ ሹክሳን ተራራ ከጉም ሊወጣ አንድ ደቂቃ ቢቀረውም እንመለሳለን።

ከተመለሳችሁ በኋላ

መኪናው ውስጥ ሁለት ደረቅ ፎጣ ይጠብቃችሁ። መዳፎቹን አንድ በአንድ ገልጣችሁ እዩ፤ የተሰነጠቀ ካለ እጠቡትና አድርቁት። በደመና ውስጥም የበረዶ ነጸብራቅ ዓይን ያቃጥላል፤ ማታ ዓይኑን እያሻሸ ካስቸገረ ሐኪም ይየው።

ስትወርዱ መንገዱ የኑክሳክ ወንዝን ተከትሎ ይሄዳል። ለዕረፍት ከቆማችሁ ውሻውን ከወንዙ ዳር በማሰሪያ ያዙት። በዚህ አካባቢ ጥሬ ሳልሞን ወይም ትራውት የበላ ውሻ ዓሣው በተሸከመው ጥገኛ ትል ውስጥ ባለ ባክቴሪያ ይታመማል፤ ካልታከመ ብዙውን ጊዜ ይሞታል። ዓሣ አጥማጆች የጣሉት አንጀትም ይበቃዋል። ምልክቱ ወዲያው አይመጣም፤ በሳምንት ገደማ ውስጥ ካስመለሰው፣ ካስቀመጠው፣ ካተኮሰው ወይም ምግብ እምቢ ካለ ሐኪሙ ጋ ደውሉና «ኑክሳክ ወንዝ ዳር ነበርን፣ ዓሣ በልቶ ሊሆን ይችላል» በሏቸው። በጊዜ ከተያዘ በአንቲባዮቲክና በትል መድኃኒት ይድናል።